የእጅ ስዕልና ኮምፒውተር በአንድ አኒሜሽን ውስጥ፦ ከእርሳስ እስከ መጨረሻው ሬንደር

በእጅ የተሳለ ገጸ ባህሪና በኮምፒውተር የተሠራ ዕቃ አንድ ፍሬም (ፊልሙ ከሚሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱ) ውስጥ ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይዋደዱም። ተመልካቹ ችግሩን በስሙ ላይጠራው ይችላል። ዓይኑ ግን ወዲያው ይይዘዋል። ብዙ ሰው ጥፋቱ ቀለሙ ላይ ያለ ይመስለውና ቀለም ሲያስተካክል ይከርማል። ቀለም መጨረሻ ላይ የሚስተካከል ቀላል ነገር ነው ባይ ነኝ። ጉዱን የሚያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የእንቅስቃሴው አቆጣጠርና የመስመሩ ጠባይ። በእጅ የተሳለ ነገር ትንሽ ይዘላል፣ መስመሩም ከስዕል ወደ ስዕል ይንቀጠቀጣል። ማሽን ደግሞ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ ከታች የምታነቡት ሁሉ የሚዞረው በአንድ ሐሳብ ዙሪያ ነው፤ ኮምፒውተሩን ወደ እጁ አምጡት፣ እጁን ወደ ኮምፒውተሩ አትጎትቱት።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሾት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቁራጭ) ይዘን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንሂድ። አንዲት ልጅ ብስክሌት እየነዳች ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ትመጣለች። ልጅቷ ወረቀት ላይ በእርሳስ ትሳላለች። ብስክሌቱ በ3ዲ (ኮምፒውተር ውስጥ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር ሞዴል ሆኖ) ይሠራል። መንገዱና ዛፎቹ በውሃ ቀለም ይቀባሉ። ሾቱ 4 ሰከንድ ነው። ይህን የመረጥኩት ከባድ ስለሆነ ነው። እግር ፔዳል ይረግጣል፣ ጣቶች መሪ ይጨብጣሉ፣ አንዱ እግር ከብስክሌቱ ፊት ሌላው ከኋላው ነው። ይህን የተወጣ ሰው ሌላውን አያቅተውም።

1. ሥራውን ለእጅና ለማሽን አካፍሉ

እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ቅርጹን ሳይቀይር የሚዞር ነገር ለኮምፒውተር ይሰጣል። እየታጠፈና እየተለጠጠ የሚሄድ፣ ስሜት ያለው ነገር ለእጅ ይቀራል።

ብስክሌቱን ተመልከቱ። ጎማው ከጎን ሲታይ ክብ ነው። ልጅቷ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ግን ክቡ ቀስ በቀስ እየጠበበ ሞላላ ይሆናል፣ የጎማው ሽቦዎችም አብረውት ይጠባሉ። ይህን በሰከንድ 12 ጊዜ በእጅ ሳሉ ብትባሉ ጎማው ሲያብጥና ሲኮማተር ታዩታላችሁ። ለ3ዲ ምንም ማለት አይደለም። የልጅቷ ሻርፕ ነፋስ ላይ ሲውለበለብ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በ3ዲ ልሥራው ካላችሁ ሪግ (ሞዴሉን የሚያንቀሳቅስ አጽም) አለ፣ የጨርቅ ሲሙሌሽን (የጨርቁን እንቅስቃሴ በስሌት ማስመሰል) አለ፣ አልሆነም ሲባል እንደገና መጀመር አለ። እርሳስ የያዘ እጅ በሁለት ጭረት ይጨርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዘ አይረን ጃይንት» ፊልም የተሠራው በዚሁ ክፍፍል ነው። ግዙፉ ሮቦት የኮምፒውተር ሥራ ነው፤ ልጁና ሌሎቹ ሰዎች ግን በእጅ የተሳሉ ናቸው። ሮቦቱ ከስዕሎቹ ተለይቶ እንዳይታይ ባለሙያዎቹ መስመሩን ትንሽ ትንሽ የሚያንቀጠቅጥ ፕሮግራም ጻፉለት። የማሽኑ መስመር በጣም ቀጥ ስላለባቸው ሆን ብለው አጣመሙት ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙት፣ ደረጃ 7 ላይ እንመለስበታለን።

ክፍፍሉን ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለት ነገር ሥሩ። መጀመሪያ አንድ ፍሬም ብቻ ወስዳችሁ ፊልሙ ላይ እንደሚታየው አድርጋችሁ ጨርሱት፤ ቀለሙ፣ ጥላው፣ የወረቀቱ ሸካራነት፣ ሁሉም። ከዚያ የሁለት ሰከንድ ሙከራ ውሰዱና ከእርሳስ እስከ ኤክስፖርት ባለው መንገድ ሁሉ አሳልፉት። እባካችሁ ይህን ሙከራ አትዝለሉት። ስካነሩ የሚያበላሸውን መስመርና እግር ከፔዳል የሚለቅበትን ቦታ ሙሉ ፊልሙን ከሳላችሁ በኋላ ሳይሆን እዚህ ላይ ታገኙታላችሁ።

2. ቁጥሮቹን አስቀድማችሁ ወስኑ

ሲኒማ በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። በእጅ የሚሳል አኒሜሽን ግን ብዙውን ጊዜ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ያቆየዋል። ስለዚህ በሰከንድ 12 ስዕል ይበቃል። የእኛ 4 ሰከንድ 96 ፍሬም ነው፣ ይህ ማለት 48 ስዕል። በጣም ፈጣን እንቅስቃሴ ሲመጣ ለእያንዳንዱ ፍሬም አንድ ስዕል መሳል ያስፈልጋል፤ ያ ግን ለጥቂት ቦታ ብቻ ይሁን።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ልጅቷ በሰከንድ 12 ስዕል ስትንቀሳቀስ ብስክሌቱ 24ቱንም ፍሬም ይንቀሳቀስ እንበል። በመጀመሪያው ፍሬም እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው። በሁለተኛው ፍሬም ፔዳሉ ወደፊት ሄዷል፣ እግሯ ግን እዚያው ቆሟል። በሦስተኛው ተመልሰው ይገናኛሉ። በአራተኛው እንደገና ይለያያሉ። ተመልካቹ የሚያየው የሚንቀጠቀጥ እግር ነው። መድኃኒቱ የፔዳሉንና የመሪውን እንቅስቃሴ እንደ ስዕሉ በየሁለት ፍሬሙ ማስኬድ ነው። ይህን ካደረጋችሁ የውህደቱ ግማሽ ሥራ አልቋል።

ካሜራስ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይጠመዳል። ካሜራው በየፍሬሙ እየተንሸራተተ ልጅቷን ሲከተል እሷ በየሁለት ፍሬሙ ብቻ ቦታ ከቀየረች፣ ስክሪኑ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የምትርገበገብ ትመስላለች። ስለዚህ ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ለዩዋቸው። የሰውነቷ ሁኔታ፣ ማለትም ጉልበት ማንሳቷ፣ መታጠፏ፣ ጸጉሯ፣ በየሁለት ፍሬሙ ይቀየር። መንገዱ ላይ ወደፊት መሄዷን ግን አትሳሉት። ልጅቷና ብስክሌቱ አንድ ቡድን ሆነው ኮምፖዚቲንግ (ምስሎቹን አንድ ላይ መገጣጠም) ላይ ኮምፒውተሩ በየፍሬሙ ይውሰዳቸው። ስዕሎቹን ወረቀቱ መሃል ላይ ትስላላችሁ፣ ጉዞውን ኮምፒውተሩ ይሰጣል።

የፍሬሙ መጠን 1920 በ1080 ወይም 3840 በ2160 ይሁን፣ ግን ከመሳል በፊት ይወሰን። የፋይል ስም ላይም ሥርዓት ይኑራችሁ። የሾቱ ቁጥር፣ የሌየሩ (አንዱ በሌላው ላይ የሚደረበው የምስል ንብርብር) ስምና ባለ አራት አሃዝ የስዕል ቁጥር በቂ ነው። 1 ብላችሁ ሳይሆን 0001 ብላችሁ ጻፉ፤ አለዚያ አንዳንዱ ሶፍትዌር 10ን ከ2 በፊት ያስገባውና ልጅቷ በአየር ላይ ስትዘል ታገኟታላችሁ። ስሙንም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ አድርጉት፣ ሌላ ፊደል የማይወዱ ፕሮግራሞች አሉ።

ሶፍትዌር ምን ይሁን ለሚል፣ በነጻ የሚገኙት ይበቃሉ። ብሌንደር ለ3ዲ፣ ክሪታ ለስዕልና ለቀለም፣ ኦፕንቱንዝ ደግሞ የተስካኑ ስዕሎችን ለማጽዳትና ቀለም ለመሙላት። ኦፕንቱንዝ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት የተደረገ ነው። ከዚያ በፊት ቱንዝ በሚል ስም ስቱዲዮ ጂብሊን የመሰሉ ትልልቅ ስቱዲዮዎች ይሠሩበት ነበር። ቲቪፔይንትና ቱን ቡም ሃርሞኒ በገንዘብ የሚገኙ ጥሩ አማራጮች ናቸው።

3. ስቶሪቦርድና አኒማቲክ

እዚህ ብዙ አልቆይም። ስዕሎቹን በትንሹ ሥሩ (ይህ ስቶሪቦርዱ ነው)፣ በድምፁ ልክ ደርድሩ (ይህ አኒማቲኩ ነው)፣ ተመልከቱት። ለውህደት ሥራ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አኒማቲኩ ላይ እጅና ማሽን የሚነካኩበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ምልክት አድርጉ። መነካካት ያለበት ሾት መነካካት ከሌለበት ሾት እጅግ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። አንዳንዱን ካሜራውን ከፍ በማድረግ ብቻ ልትገላገሉት ትችላላችሁ። ልጅቷን ከወገቧ በላይ የሚያሳይ ሾት ፔዳል የለውም።

4. ብስክሌቱን በረቂቁ አንቀሳቅሱና አትሙት

ቅደም ተከተሉ ረቂቅ 3ዲ፣ ቀጥሎ የእጅ ስዕል፣ ከዚያ የተስተካከለ 3ዲ ነው። 3ዲውን አስቀድማችሁ ጨርሳችሁ ከዘጋችሁት ሰዓሊው ባሪያ ይሆናል። ልጅቷ ብስክሌቱ በፈቀደላት ቦታ ብቻ ትቀመጣለች፣ ድርቅ ትላለች።

ብስክሌቱን ቀላል አድርጋችሁ ሥሩት። ጎማ፣ የብረቱ አካል፣ መሪ፣ ኮርቻ፣ ፔዳል። ካሜራውን አስቀምጡና እንቅስቃሴውን ስጡት። ፔዳሉ በአንድ ሰከንድ አንድ ጊዜ ይዞራል ብንል 24 ፍሬም ነው፣ በእኛ አቆጣጠር 12 ስዕል። ፔዳሉ ላይ ሲሆን ስዕል 1፣ ፊት ሲደርስ 4፣ ታች ሲወርድ 7፣ ኋላ ሲሆን 10። እነዚህ አራቱ ቁልፍ ስዕሎች ይሆናሉ።

አሁን ብስክሌቱን በመስመር ብቻ፣ በቀላል ሰማያዊ አውጥታችሁ ከየሁለት ፍሬሙ አንዱን አትሙት። አራቱም ማዕዘን ላይ የመስቀል ምልክት ይኑር። ወረቀቱ የሚያዝበትን የፔግ ባር ቀዳዳ (ደረጃ 5 ላይ እንደርስበታለን) አስቀድማችሁ አትብሱ፤ ፕሪንተሩ ወረቀቱን ሲስብ ትንሽ ስለሚያንሸራትተው ቀዳዳውና ስዕሉ አይገጥሙም። መጀመሪያ አትሙ፣ ከዚያ ላይት ቦክስ (ከሥሩ የሚበራ የስዕል ሰሌዳ) ላይ የማዕዘን ምልክቶቹን አንዱን በአንዱ ላይ እያጋጠማችሁ ብሱ። የምትስሉት ታብሌት ላይ ከሆነ ይህ ሁሉ የለም፣ የ3ዲውን ምስል ከታች ሌየር ላይ አስገብታችሁ አደብዝዙት።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው «ወልፍዎከርስ» ፊልም ላይ ዓለም በተኩላ ዓይን የሚታይባቸው ትዕይንቶች የተሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ካሜራው በ3ዲ በተሠራ ቦታ ውስጥ ሮጠ፣ ከዚያ ሰዓሊዎች ያንን መነሻ አድርገው ወረቀት ላይ በእርሳስና በከሰል ሳሉት። ኮምፒውተሩ የሰጠው ርቀትና ፍጥነትን ነው። ዓይን የሚያየው ግን ከሰሉን ነው።

5. መሳል

ወረቀት የምትጠቀሙ ከሆነ ፔግ ባር የግድ ነው። ወረቀቱን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚይዘው ጥርስ ያለው ዘንግ ማለት ነው። ለአኒሜሽን ተብሎ የተሠራውን ካላገኛችሁ ተራ የቢሮ ወረቀት መብሻና ለቀዳዳው የሚመጥኑ ሁለት ክብ ጥርሶች ይሠራሉ። ዋናው ነገር ወረቀቱ እንዳይነቃነቅ ነው።

አራቱን ቁልፍ ስዕሎች ቅደሙ። ከዚያ በመካከላቸው ያሉትን። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቁጥሩን ጻፉ፣ የትኛው ስዕል በየትኛው ፍሬም እንደሚገባ የሚያሳይ ዝርዝርም አጠገባችሁ ይኑር። በሰማያዊ እርሳስ ረቂቁን፣ በጥቁር እርሳስ የመጨረሻውን ሳሉ። ሰማያዊውን በላጲስ ለማጥፋት አትድከሙ፣ በኋላ ኮምፒውተሩ በቀላሉ ያጠፋዋል።

ልጅቷን በሦስት ለይታችሁ ሳሉ። ከብስክሌቱ ጀርባ ያለው እግር ለብቻ፣ ሰውነቷና የፊት እግሯ ለብቻ፣ ጸጉሯና ሻርፗ ለብቻ። ሻርፑን መለየት ሌላም ጥቅም አለው። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ 12ቱን የእግር ስዕሎች ደግማችሁ ልትጠቀሙባቸው ትችላላችሁ። ሻርፑ ግን አይደገም፣ ዝም ብሎ ይቀጥል። ያኔ እግሩ መደገሙን ማንም ልብ አይለውም።

ስትስሉ የታተመውን ብስክሌት እንደ ሕግ አትዩት። ጉልበቷ ከፍ ማለት ካለበት ከፍ አድርጉት። መታጠፊያው ላይ ከብስክሌቱ በላይ ማዘንበል ካማራት ታዘንብል። ብስክሌቱ ሄዶ ይገጥማታል።

6. መስካንና ማጽዳት

ፔግ ባሩን ስካነሩ ጠርዝ ላይ በፕላስተር አጣብቁትና ከዚያ በኋላ አትንኩት። የስካነሩን አውቶማቲክ ማስተካከያ ሁሉ አጥፉ። ብርሃን የሚያስተካክል፣ ጠርዝ የሚቆርጥ፣ የዞረ ወረቀት የሚያቃና፣ ሁሉም ይጥፋ። ስካነሩ ለእያንዳንዱ ወረቀት የየራሱን ውሳኔ ከወሰነ ስዕሎቹ ሲሮጡ ብልጭ ድርግም ይላሉ።

ስንት ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚነበቡ ነጥቦች)? አግድም የተቀመጠ ኤ4 ወረቀት በ200 ዲፒአይ 2339 ፒክስል ስፋት ይሰጣል። ለ1920 ይበቃል። በ300 ደግሞ 3508 ይሰጣል። ካሜራው ወደ ፊቷ የሚጠጋ ከሆነ 300ን ያዙ። ፊልሙ በትልቁ መጠን፣ በ3840 የሚወጣ ከሆነ ግን 300ም አይበቃም፣ ወደ 400 ከፍ አድርጉት። ስካነር ከሌላችሁ ካሜራ ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉ፣ ከግራና ከቀኝ እኩል መብራት አድርጉ፣ ብርሃኑንም ፎከሱንም በእጅ ቆልፉ።

ስካኑ በቀለም ይሁን። ከዚያ ምስሉን ከፍታችሁ ሰማያዊውን ቻነል (ምስሉ ከተሠራባቸው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ክፍሎች አንዱን) ብቻ ተመልከቱ። ነጭ ወረቀትም ቀላል ሰማያዊ እርሳስም በሰማያዊ ቻነል ላይ ብሩህ ሆነው ስለሚታዩ ረቂቁ ከወረቀቱ ጋር ይጠፋል፣ ጥቁሩ እርሳስ ብቻ ይቀራል። የታተመው ብስክሌትም አብሮ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሌቭልስ፣ ብሩሁንና ጨለማውን የሚያስተካክለው መሣሪያ። ወረቀቱ ንጹህ ነጭ እስኪሆን ግፉት፣ እዚያ ላይ አቁሙ። መስመሩን ሙሉ ጥቁር ወይም ሙሉ ነጭ የሚያደርገውን ማጣሪያ አትጠቀሙ። የእርሳሱ ግራጫና ቅንጣት፣ እጁ የጫነበትና የለቀቀበት ቦታ ሁሉ በዚያ ማጣሪያ ይሞታል። ይህ ከሞተ በእጅ መሳሉ ምን ጥቅም አለው? ለአንዱ ስዕል የሰጣችሁትን ሌቭልስ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስጡ። በመጨረሻ ነጩን ወደ ግልጽነት ቀይሩና መስመሩ ብቻ ያለበት ሌየር አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ቀለም የሚሞላው ከመስመሩ በታች ባለ ሌየር ላይ ነው። የእርሳስ መስመር ቀዳዳ ስላለው ቀለሙ ሊፈስ ይችላል፤ ክፍተት የሚዘጋውን አማራጭ አብሩ። ቀለሙንም ከመስመሩ ሥር አንድ ሁለት ፒክስል አስገቡት፣ አለዚያ ጠርዙ ላይ ነጭ ክር ይቀራል።

ስለ ቴክስቸር (የገጹ ሸካራነት) ትንሽ ልቆይ። ኮቷ ላይ የውሃ ቀለም ሸካራነት እንዲኖር ፈለጋችሁ እንበል። አንድ የተቀባ ወረቀት ስካን አድርጋችሁ በኮቷ ቅርጽ ብትቆርጡት በቆመ ምስል ያምራል። ስትንቀሳቀስ ግን ሸካራነቱ ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ይቀርና ልጅቷ በቆሸሸ መስታወት ጀርባ የምታልፍ ትመስላለች። በየፍሬሙ አዲስ ቴክስቸር ብትቀይሩ ደግሞ ኮቱ እንደሚፈላ ውሃ ይርገበገባል። የሚሠራው መካከለኛው መንገድ ነው። ከአንድ ወረቀት የተለያየ ቦታ አራት ቴክስቸር ቁረጡ። ቴክስቸሩ ከሰውነቷ ጋር አብሮ ይሂድ፣ በየ4 ፍሬሙ ደግሞ ወደ ሌላው ይቀየር። ልዩነታቸው ትንሽ ይሁን። ያኔ ኮቱ የተቀባ ይመስላል፣ ግን ዓይን አይረብሽም።

7. ብስክሌቱን የተሳለ አስመስሉት

ከዚህ በፊት እጁ ማሽኑን ሲከተል ነበር፣ አሁን ተራው የማሽኑ ነው።

በብሌንደር ግራፍ ኤዲተር ውስጥ ስቴፕድ የሚባል ሞዲፋየር አለ፤ እንቅስቃሴው በየፍሬሙ ሳይሆን በዝላይ እንዲሄድ ያደርጋል። ለፔዳሉና ለመሪው ስጡና መጠኑን 2 አድርጉት። ሞሽን ብለር (የፈጣን እንቅስቃሴ ብዥታ) ይጥፋ፤ እርሳስ ሞሽን ብለር የለውም። ከዚያ ከተሳለው እግር ጋር የማይገጥሙትን ፍሬሞች አንድ በአንድ ሂዱባቸውና ፔዳሉን ወደ ጫማዋ አምጡ። ፔዳሉ በእውነቱ ዓለም ከሚሆንበት ትንሽ ቢዛነፍ ማንም አያይም። ስዕሉን ደግሞ እንዲገጥም ብላችሁ አታሳድጉ፣ አታሳንሱም። መስመሩ አብሮ ይወፍራል ወይም ይቀጥናልና።

ቀለሙ ጠፍጣፋ ይሁን፣ ቢበዛ ሁለት ደረጃ፦ ብርሃንና ጥላ። የሚያብረቀርቅ ብረት፣ ልስልስ ያለ ጥላ፣ ነጸብራቅ፣ እነዚህ ሁሉ «3ዲ ነኝ» ብለው ይጮሃሉ።

የብስክሌቱን መስመር የብሌንደር ላይን አርት የሚባለው መሣሪያ ያወጣላችኋል። መጀመሪያ የተስካነውን የልጅቷን መስመር አጉልታችሁ ስፋቱን ለኩ። በመጨረሻው ፍሬም ላይ ለምሳሌ 4 ፒክስል ገደማ ከሆነ የብስክሌቱንም እዚያው ላይ አድርጉ። ቀጥሎ ውፍረቱ ከቦታ ቦታ እንዲለያይ አድርጉ፣ ጫፉ ላይ ይቅጠን። በመጨረሻ ኖይዝ (የዘፈቀደ መንቀጥቀጥ) ጨምሩና በየሁለት ፍሬሙ እንዲቀየር አድርጉት። ምን ያህል? መንቀጥቀጡን ለብቻው ስታዩት ብዙም የማይታይ፣ ስታጠፉት ግን የሚጎድል ይሁን። የመስመሩንም ቀለም ከልጅቷ እርሳስ ላይ ውሰዱ። የእርሳስ ጥቁር ሙሉ ጥቁር አይደለም፣ ጥቁር ግራጫ ነው።

ጎማው ላይ የተለየ ችግር አለ። በፍጥነት ሲዞር ሽቦዎቹ ወደኋላ የሚዞሩ ይመስላሉ፣ በየሁለት ፍሬሙ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ፍጥነት ባለበት ቦታ የ3ዲ ሽቦዎቹን አጥፏቸው። በምትኩ ጎማው ውስጥ ጥቂት የታጠፉ የእርሳስ ጭረቶች በእጅ ሳሉ። ሦስት አራት የተለያየ ስዕል ሥሩና አፈራርቋቸው። ይህ ብልሃት ጊዜ ከመቆጠቡም በላይ በብስክሌቱ መሃል እውነተኛ እርሳስ ስለሚያስገባ የቀረውም የተሳለ ይመስላል። እኔ ከሁሉም የምወደው ደረጃ ይህ ነው።

8. መገጣጠም

ሌየሮቹ ከታች ወደ ላይ እንዲህ ይደረደራሉ፦ ባክግራውንድ፣ መሬት ላይ ያረፈው ጥላ፣ የጀርባ እግር፣ ብስክሌት፣ ሰውነትና የፊት እግር፣ ሻርፕና ጸጉር። ችግር ያለው መሪው ላይ ነው። አውራ ጣቷ ከመሪው አንድ ወገን፣ አራቱ ጣቶች ከሌላው ወገን ናቸው። እጇን ለሁለት መክፈል አያስፈልግም። ሙሉውን እጅ ከመሪው በላይ አድርጉና መሪው መታየት ያለበትን ትንሿን ቦታ በማስክ (ከሌየሩ የተወሰነ ቦታ የሚደብቅ ቅርጽ) ክፈቱ። ማስኩም በየሁለት ፍሬሙ ይቀየራል።

መነካካትን የሚያሳምነው ጥላ ነው። ጫማው ፔዳሉን በሚነካበት ቦታ ቀጭን ጠቆር ያለ ጥላ በእጅ ሳሉ። ኮርቻው ላይም፣ መሪው ላይም። የዚህ ሌየር ብሌንዲንግ ሞድ መልቲፕላይ (ከሥሩ ያለውን ቀለም የሚያጠቁር) ይሁን። ይህ ጥላ ከሌለ ልጅቷ ብስክሌቱ ላይ የተለጠፈች ናት። ካለ ክብደት ይኖራታል።

ቀጥሎ ለሁሉም አንድ ብርሃን። ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ ወስኑና ልጅቷም ብስክሌቱም በዚያው በኩል ይድመቁ፣ በሌላው በኩል ይጥቆሩ። የጥላው ቀለም ለሁለቱም አንድ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ክላውስ» ፊልም በእጅ የተሳሉ ገጸ ባህሪያቱ 3ዲ እስኪመስሉ ድረስ የበሰለ ብርሃን አላቸው። ስዕሉን የሚከተል የብርሃንና የጥላ ሶፍትዌር ተጠቅመዋል፣ የብርሃኑን ቅርጽ ግን የሚወስኑት ሰዓሊዎች ነበሩ። እኛ ጋ ያ ሶፍትዌር ባይኖርም በየቁልፍ ስዕሉ ላይ የጥላውን ቅርጽ ስሎ መካከሉን መሙላት ይቻላል።

ባክግራውንዱ የውሃ ቀለም ስለሆነ ጠርዞቹ ለስላሳ ናቸው። የቀለሙ ጉልበት ከልጅቷ ከበለጠ ቀንሱት። ቅርብ ያለው ዛፍ፣ መካከለኛውና ሩቁ ለየብቻ ሌየር ላይ ተቀብተው በተለያየ ፍጥነት ከሄዱ ጥልቀት ይመጣል። ካሜራው መታጠፊያውን ተከትሎ በእውነት የሚዞር ከሆነ ግን ጠፍጣፋ ሌየር አይበቃም። ያኔ ቀላል የ3ዲ ቅርጾች ሠርታችሁ የተቀባውን ስዕል ከካሜራው አቅጣጫ ላያቸው ላይ ታለብሷቸዋላችሁ።

የመጨረሻው ሽፋን ሁሉንም በአንድ ላይ የሚነካ ይሁን። ለሙሉ ምስሉ አንድ የቀለም ማስተካከያ፣ በጣም ስስ የሆነ የወረቀት ቅንጣት፣ ካስፈለገም እጅግ ትንሽ ብዥታ። ቅንጣቱ ተተክሎ እንዳይቀር በየሁለት ፍሬሙ ቦታ ይቀይር። አንዳንድ ሰው ያልገጠመውን ሁሉ በዚህ ሽፋን ለመደበቅ ይሞክራል። አይደበቅም። እንቅስቃሴው ካልገጠመ ወፍራም ቅንጣት ጭቃ ያደርገዋል እንጂ አያድነውም።

9. መፈተሽና ማውጣት

ሾቱን ያለ ድምፅ ተመልከቱት። ከዚያ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይራችሁ ተመልከቱት፤ ከሁለቱ አንዱ ቀድሞ ዓይን ውስጥ የሚገባ ከሆነ የብርሃን ልዩነቱ አልተስተካከለም። ግራና ቀኙን ገልብጣችሁም እዩት፣ ዓይናችሁ የለመደው ጉድለት ያኔ ይታያል። በመጨረሻ እግርና ፔዳል የሚነካኩበትን ፍሬም በፍሬም ሂዱ። ፊልሙን ያላየ ሰው ጠርታችሁ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩት። «የቱ ነው ኮምፒውተር?» ብላችሁ አትጠይቁት፣ ምክንያቱም መፈለግ ይጀምራል። «ምን አየህ?» በሉት። ስለ ልጅቷ ካወራ አልፋችኋል። ስለ ብስክሌቱ ካወራ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ።

አልዋደድ ያለ ሁለት ሦስት ፍሬም ቢቀር ሌላ ማስተካከያ አትፈልጉ። 3ዲውን ብስክሌት ከነዚያ ፍሬሞች አስወግዱትና በእጅ ሳሉት። ሦስት ብስክሌት መሳል አይገድልም።

ሬንደሩን (ኮምፒውተሩ የሚያወጣውን የመጨረሻ ምስል) በቀጥታ ወደ ቪዲዮ አታውጡ፣ በፒኤንጂ የምስል ተከታታይ አውጡት። ሬንደሩ 70ኛው ፍሬም ላይ ቢቋረጥ ከዚያው ትቀጥላላችሁ፤ አንድ ፍሬም ቢበላሽም እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ። ከምስሎቹ አንድ ጥራቱ ያልቀነሰ ዋና ቪዲዮ ሥሩ፣ ለማሳየት ደግሞ ኤች 264 (የተጨመቀ ቪዲዮ)። ለእያንዳንዱ ሾት የሌቭልሱን ቁጥር፣ የመስመሩን ውፍረት፣ የኖይዙን መጠንና የጥላውን ቀለም በአንድ ፋይል ጽፋችሁ ከፕሮጀክቱ ጋር አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ሾት ላይ ያንኑ ብስክሌት ስታመጡት እነዚያን ቁጥሮች ትፈልጓቸዋላችሁ። ወረቀቶቹንም ፊልሙ አልቆ እስኪወጣ ድረስ በቁጥራቸው ደርድራችሁ ያዙ።